ላጎርሳት ስል እጇን ሰበሰበች

ጥያቄ፦ እንደምን ናችሁ? ዱባይ ውስጥ ሆቴል በክፍል ጽዳት መሥራት ከጀመርኩ አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። የምኖረው ካምፓኒው በሰጠን አኮሞዴሽን ነው፤ አንድ ክፍል ውስጥ ስድስት ሴቶች ነን። ከአምስት ሳምንት በፊት አንዲት የሕንድ ልጅ መጣችልን። ሴልቪ ልበላት፣ እውነተኛ ስሟ አይደለም። 24 ዓመቷ ነው፤ ከታሚል ናዱ ነው የመጣችው፤ ከዚህ በፊት ከአገሯ ወጥታ አታውቅም።

ሌሊት ተከናንባ ታለቅሳለች። አልጋዋ ከእኔ በላይ ስለሆነ ስትንቀጠቀጥ ይሰማኛል። የምትበላው ነጭ ሩዝ በእርጎ ብቻ ነው። አንድ ቀን ምስር ወጥ ሠርቼ ነይ አብረን እንብላ አልኳትና ላጎርሳት ስል እጇን ሰብስባ ወደ ኋላ አለች። እውነቱን ለመናገር ተናቅኩ ብዬ አዘንኩ። ክፍላችን ውስጥ ሌሎች ሁለት ሕንዶች አሉ፣ አንዷ ከኬረላ፣ አንዷ ከዴልሂ። ብዙም ሲያወሯት አላይም። የአገሯ ልጆች ያልተጨነቁላትን እኔ ምን አገባኝ እላለሁ፤ ደግሞ አያስችለኝም።

ባለፈው ሳምንት 1,500 ድርሃም አበድሪኝ አለችኝ። ተበድራ ነው የመጣችው፤ ወለዱ ቤተሰቦቿን እያስጨነቃቸው ነው። ደመወዝ ገና አላየችም፤ ፓስፖርቷንም ቢሮ ወስደውባታል። እኔ ደግሞ ዕቁብ አለብኝ፣ ወንድሜንም አስተምራለሁ። ጓደኞቼ «ለሐበሻ ያልሆንሽውን ለሕንድ?» ብለው ሳቁብኝ። ሱፐርቫይዘራችንም እምቢተኛ ናት እያለ ያማርራታል። ምን ላድርግላት? ወይስ ዝም ልበል?
ሰ. ነኝ፣ ከዱባይ

መልስ፦ ውድ ሰ.፣ ካዘንሽበት ነገር ልጀምር። በብዙ የሂንዱ ቤተሰቦች፣ በተለይ በደቡብ ሕንድ፣ አፍ የነካው ነገር ለሌላ ሰው አይሰጥም። ወጥ የተቀመሰበት ማንኪያ ተመልሶ ድስት ውስጥ አይገባም። ውኃ እንኳ ብዙዎቹ ከንፈር ሳያስነኩ ከላይ እያንቆረቆሩ ነው የሚጠጡት። ከአንድ ሳህን መብላት እናትና ትንሽ ልጅ ወይም ሙሽሮች የሚያደርጉት ነገር ነው። ስለዚህ አንቺ በፍቅር የዘረጋሽው ጉርሻ ለእሷ ገና ሳታስብበት እጇ የሸሸው ነገር ነው። ከዚህ ልማድ ጀርባ ሰውን ከሰው የሚለይ የካስት ታሪክም አለ፤ እሱን አልክድም። ግን ከመጣች ገና አምስት ሳምንት የሆናት ልጅ በድንጋጤ እጇን ስለሰበሰበች ናቀችኝ ብለሽ አትፍረጂባት። ሌላ ቀን መብላት ሳትጀምሪ በንጹሕ ጭልፋ ለብቻዋ ሳህን አውጪላት። ያኔም ካልበላች ምክንያቱ ሌላ ነው፤ እሱን ደግሞ ትጠይቂያታለሽ።

የምትጠይቂያት ሁለት ነገር ነው፤ ሥጋ፣ ዓሣና እንቁላል ትበያለሽ ወይ፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርትስ? ሥጋ የማይበላ ሂንዱ አመጋገቡ የእኛን ጾም ቢመስልም ልዩነት አለው። ወተት፣ እርጎና ቅቤ ይበላል፤ እንቁላልን ግን ከሥጋ ይቆጥረዋል። እንዲህ ከሆነች ምስርሽም፣ ሽሮሽም፣ ጎመንሽም ይሆናታል፤ ቅቤ ቢገባበትም ግድ የላትም። የእንጀራው ኮምጣጣነትም አይከብዳት ይሆናል፤ ዶሳ የሚሉት ቂጣቸው ከሩዝና ከጥቁር ማሽ ተፈጭቶ፣ አድሮ ኩፍ ካለ ሊጥ ነው የሚጋገረው። የሚያስቸግራት መጥበሻው ነው። ትናንት ጥብስ የተሠራበት መጥበሻ ዛሬ ቢታጠብም አይዋጥላት ይሆናል። አንድ ትንሽ ድስትና አንድ ጭልፋ የራሷ ቢሆኑ ግማሹ ችግር ይቃለላል።

የሩዙም ነገር አለ። የታሚል ሰው በየቀኑ የሚበላው ባስማቲ አይደለም፤ ከእነ ገለባው ተቀቅሎ ደርቆ የተፈተገውን፣ አጠር ያለውን ነው። እሱን፣ ቱር ዳል የሚባለውን የእኛን ክክ የሚመስል ቢጫ ጥራጥሬ፣ ሁመር፣ የሰናፍጭ ፍሬና የካሪ ቅጠል ከራማና ዴይራ በሚባሉት የዱባይ ሰፈሮች ያሉ የሕንድ ግሮሰሪዎች በትንሽ በትንሹ ይሸጣሉ። ዘይቱ ሲግል ሰናፍጩ ተንጣጥቶ፣ ቅጠሉ ገብቶ፣ የበሰለው ክክ ላይ ሲፈስ ሽታው የእናቷን ቤት ያስታውሳታል። ሩዝ በእርጎ እነሱ ዘንድ የሚወደድ ቀላል ምግብ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ፍራሽ እያነሳች አንሶላ ለምታነጥፍ ሴት ግን አምስት ሳምንት በእሱ ብቻ አይገፋም። አንድ ነገር አስጠንቅቂያት፤ ከአገር ቤት ሰው ሲመጣ ቅመም ከላኩላት ኻስ ኻስ የሚባለው የፖፒ፣ ማለትም ኦፒየም የሚወጣበት ተክል ዘር እንዳይኖርበት። ሕንድ ውስጥ ተራ ቅመም ነው፤ ኤሚሬትስ ውስጥ ከዕፅ ተቆጥሮ የተከለከለ ነው።

ወደ ለቅሶው ልምጣ። ምናልባት ያላሰብሽው የሰዓት ጉዳይ አለ። ከሥራ ወጥታችሁ አልጋ ላይ አረፍ የምትሉት ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው እንበል። አዲስ አበባ ያን ጊዜ 3 ሰዓት ስለሆነ እናትሽ አልተኛችም፤ ደውለሽ ትስቂያለሽ። በሴልቪ አገር ግን ከሌሊቱ 5 ሰዓት ተኩል ሆኗል፤ ቤቱ ሁሉ ተኝቷል። አምስታችሁ ስታወሩ እሷ ጣሪያ ታያለች። የእሷ ሰዓት ማለዳ ነው። ከዲዩቲ በፊት በ11 ሰዓት ተኩል ብትነሳ እዚያ 1 ሰዓት ስለሚሆን እናቷን ሻይ ስታፈላ ታገኛታለች። ዋትስአፕ ኤሚሬትስ ውስጥ መልእክት እንጂ ጥሪ እንደማይሠራም አዲስ ሰው አያውቅም፤ ስልኬ ተበላሽቷል ብሎ ነው የሚያስበው። ጥሪ የሚሠራበት ቦቲም የሚባለው አፕሊኬሽን በእሷም በቤተሰቦቿም ስልክ ላይ ይጫን። የሕንድ ሲም ካርዷን ደግሞ እንዳትጥል። የሕንድ ባንኳ የማረጋገጫ ቁጥር የሚልከው በዚያ ስልክ ነው፤ ሲሙ ካልተሞላ ይዘጋል፣ ቁጥሩም ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል። ውጭ አገር እንዲሠራ ሮሚንግ ይከፈትለት፤ ቤተሰቦቿም እየተከታተሉ ይሙሉላት።

የአገሯ ልጆች ስላልሽው፣ ከዴልሂ የመጣችው ሂንዲ ነው የምትናገረው፤ ሴልቪ ደግሞ ታሚል ናት። ሁለቱ ቋንቋዎች ዝምድና የላቸውም፤ ታሚል ናዱ ውስጥ ሂንዲ የማይችል ሰው ብዙ ነው። «ሕንድ ናት፣ ከሕንዶች ጋር ትግባባለች» ብሎ የመደባችሁ ሰው ይህን አላወቀም። የኬረላዋ ግን ትለያለች። ቋንቋዋ ማላያላም የታሚል ቅርብ ዘመድ ነው፤ ብዙ የኬረላ ሰው ከፊልሙም ከጉርብትናውም የተነሳ ታሚል ይሰማል። ይቺን ልጅ ለብቻዋ ያዢና «ከእኔ ይልቅ አንቺ ትግባቢያታለሽ፤ በኦፍሽ ቀን ከራማ ውሰጃት» በያት። ጄበል አሊ ያለውንም የሂንዱ ቤተ መቅደስ፣ በ2022 የተከፈተውን፣ ልታሳያት ትችላለች። ሸክሙን ብቻሽን ተሸክመሽዋል፤ የሚያግዝሽ ሰው እዚያው ክፍል ውስጥ አለ።

ገንዘቡ ከባዱ ነው፤ እዚህ ላይ ቀስ እንበል። መጀመሪያ ራስሽን ጠይቂ፤ 1,500ው ባይመለስ ሌሊት ስታለቅስ እንደ አሁኑ ታዝኚላታለሽ ወይስ ትናደጅባታለሽ? የዕቁብሽ ቀን ደርሶ ቢጎድልሽስ? መልሱ እናደዳለሁ ከሆነ አታበድሪ፤ አንድ አልጋ ላይና ታች ሆኖ በብድር መኳረፍ ሁለታችሁንም ይጎዳል። ብታበድሪያት ክፉ ምክር ሰጠሁሽ የምልበት ነገር የለም፤ ግን ገንዘቡ ዕዳውን አይዘጋም፣ አንድ ወር ነው የሚያስታግሰው። እምቢታውን ግን አታድበስብሺው። «1,500 ማበደር አልችልም። ደመወዝሽ እስኪገባ ግን ምግብና ትራንስፖርት አላስቸግርሽም» በያት። ይህ ከባድ አይደለም። የሜትሮና የአውቶቡስ ኖል ካርድ 25 ድርሃም ነው፣ 19ኙ ውስጡ ለጉዞ ይቀመጣል፤ በአንድ ዞን ውስጥ መሄጃ 3 ድርሃም ነው። ሩዝ፣ ክክ፣ ዘይትና ሲም ካርድ ስትጨምሪበት ቢቀርም የማያስቆጭሽ መጠን ነው።

ደመወዙ ለምን እንደዘገየም እንይ፤ አምስት ሳምንት ሙሉ አልተከፈላትም ማለት የግድ ተበላባት ማለት አይደለም። ገንዘቡ የሚገባው መንግሥት በሚቆጣጠረው የደመወዝ ሥርዓት በኩል በባንክ ወይም በደመወዝ ካርድ ነው፤ ካርዱ የሚወጣው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሕክምና ምርመራው አልፎ ኤሚሬትስ አይዲ የሚባለው መታወቂያ ሲደርስ ነው። በወር አጋማሽ የገባን ሰው ከሚቀጥለው ወር ጋር አንድ ላይ የሚከፍሉ ካምፓኒዎችም አሉ። ቢሮ ሄዳ ሦስት ነገር ትጠይቅ፤ አይዲዬ የት ደረሰ፣ የመጀመሪያ ደመወዜ በስንት ቀን ይገባል፣ የሚቆረጥብኝ ነገር አለ? ደመወዝ የሚከፈልበት ቀን አልፎ ሳይገባ ከቆየ ግን በሕግ ዘግይቷል ይባላል፤ ያኔ ለሠራተኛ ሚኒስቴሩ ማመልከት ይቻላል።

ዕዳውንስ ምን ዓይነት እንደሆነ ታውቂያለሽ? በእነሱ አገር አንዱ መንገድ የእናትን ወርቅ ባንክ አስይዞ መበደር ነው። እንዲህ ከሆነ ወለዱ በዓመት ይታሰባል፤ አንድ ወር ዘገየ ተብሎም ወርቁ ወዲያው አይሸጥም፤ ቤተሰቦቿ ባንኩን አነጋግረው ወለዱን ብቻ እየከፈሉ ማራዘም ይችሉ ይሆናል። የመንደር አራጣ አበዳሪ ከሆነ ግን በየወሩ ነው የሚወልደው፣ መጀመሪያ መዘጋት ያለበትም እሱ ነው። ይህን ለይታ ካወቀች ለካምፓኒው የቅድሚያ ደመወዝ ጥያቄ በጽሑፍ ታቅርብ። ካምፓኒው እሺ የማለት ግዴታ የለበትም፤ እሺ ካለ ግን ከደመወዟ የሚቆርጠው በጽሑፍ ስትስማማ ብቻ ነው፣ ወለድም አይጨምርበትም።

የደላላውንም ደረሰኝ ታውጣ። የሕንድ ሕግ ፈቃድ ያለው ወኪል ከሠራተኛ ከ30,000 ሩፒ በላይ የአገልግሎት ክፍያ እንዳይቀበል ይከለክላል፤ 18 በመቶ ግብር ሲጨመርበት 35,400 ነው። ከዚያ በላይ ከፍላ ከሆነ አቤት የምትልበት አለ። በኤሚሬትስ በኩል ደግሞ በ2021 የወጣው የሥራ ሕግ አሠሪው የቅጥር ወጪን ከሠራተኛው ላይ በቀጥታም በተዘዋዋሪም እንዳይወስድ ይላል። ስለዚህ በመጀመሪያው ደመወዟ ላይ «የቪዛ» ተብሎ የተቆረጠ ካለ ዝም አትበል። ይህን ሁሉ በራሷ ቋንቋ የምትጠይቅበት ቦታም አላት። የሕንድ መንግሥት ዱባይ ላሉ ሠራተኞቹ የከፈተው የእርዳታ ማዕከል በ800 46342 በነጻ ያነጋግራል። የእኛ ልጆች እንዲህ ያለ ስልክ ቢኖረን ብለሽ ይሆናል፤ እኔም ብያለሁ።

ሦስት ነገር ግን አታድርጉ። እናዋጣላት ብሎ ፌስቡክ ወይም ቲክቶክ ላይ መለጠፍ የለም፤ ኤሚሬትስ ውስጥ ያለ ፈቃድ ከሕዝብ ገንዘብ መሰብሰብ ያስቀጣል። በኦፍ ቀን የሰው ቤት ማጽዳትም የጭንቅ መፍትሔ ይመስላል፤ ያለ ፈቃድ ከሆነ ግን ተይዛ መጠረዝ ይመጣል። ዕቁባችሁ ውስጥም አሁን አታስገቧት። እነሱም ቺት የሚሉት ዕቁብ አላቸው፤ በብዙው ቦታ ዕጣ ሳይሆን ጨረታ ነው፣ ቀንሼ ልውሰድ ያለ ይወስዳል። ስለሚገባት ልትጓጓ ትችላለች፤ ደመወዟ ሁለት ሦስት ወር እስኪረጋ ትቆይ።

ፓስፖርቱን በተመለከተ፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለምርመራና ለአሻራ ይፈለጋል፤ ቢሮ መቆየቱ ብቻውን አያስደነግጥ። ከ2022 ወዲህ ግን የመኖሪያ ፈቃዱ ፓስፖርት ላይ አይለጠፍም፤ ኤሚሬትስ አይዲው ራሱ ነው ፈቃዱ። አይዲው እጇ ከገባ በኋላ ካምፓኒው ፓስፖርቷን የሚያቆይበት ምክንያት የለውም። በዋትስአፕ ወይም በኢሜይል፣ ማለትም ማስረጃ በሚሆን መንገድ፣ «አይዲዬ ደርሶኛል፤ ፓስፖርቴን መቼ መጥቼ ልውሰድ?» ብላ ትጻፍ። እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ማንንም አያስቆጣም። «ለደኅንነቱ እኛ ዘንድ ይቀመጥ» ካሏት በትሕትና «የሚቆለፍ ሎከር አለኝ» ትበል። አሁንም እምቢ ካሉ የሠራተኛ ሚኒስቴሩ ስልክ 600590000 ነው። በሚኒስቴሩ አፕሊኬሽን የሥራ ውሏንም ማየት ትችላለች፤ ከውሉ በፊት የሚሰጠው የሥራ ደብዳቤ (ኦፈር ሌተሩ) ከዐረብኛና ከእንግሊዝኛ ሌላ በታሚልም ይዘጋጃል። አገሯ ከፈረመችው ጋር ታስተያየው፤ በተለይ መሠረታዊ ደመወዙን። ጠቅላላው አንድ ሆኖ መሠረታዊው ዝቅ ተደርጎ፣ ቀሪው አበል ከተባለ የትርፍ ሰዓቷም፣ ሥራ ስትለቅ የሚከፈላት የአገልግሎት ክፍያም ይቀንሳል፤ ሁለቱም የሚሰሉት በመሠረታዊው ነው። አንቺ አጠገቧ ቁሚ እንጂ አትናገሪላት፤ ቢሮው እሷን ማወቅ አለበት።

የሱፐርቫይዘሩ ነገር ከሁሉ ይቀላል። የደቡብ ሕንድ ሰው «እሺ፣ ገባኝ» ሲል ራሱን ወደ ግራና ቀኝ ያወዛውዛል። ለማያውቅ ሰው እምቢ ያለ ይመስላል። ለእሱም ንገሪው፣ እሷንም «ዬስ ሰር» የሚለውን በአፏ እንድትጨምር ምከሪያት። ግን ያልገባትንም እሺ እያለች እንዳይሆን ተመልከቺ። አንድ ዙር አብረሻት ስትሠሪ «ይህ ለምንድን ነው?» ብለሽ ጠርሙሶቹን አስነኪያት። ታስኪ የሚባለው የጽዳት ምርት ከሆኑ ቁጥር 3 የመስታወት፣ ቁጥር 6 የሽንት ቤት ነው። 6ቱ አሲድ ስላለው ከበረኪና ጋር ከተቀላቀለ መርዛማ ጋዝ ያወጣል፤ በር በተዘጋ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሳንባ ያቃጥላል። ቁጥሮቹን በታሚል በወረቀት ጽፋ ትሮሊዋ ላይ ትለጥፍ።

ጓደኞችሽ ስለሳቁብሽ፣ የሳቁት በአንቺ ሳይሆን በድካማቸው ይመስለኛል፤ ሁሉም የራሱ ቤተሰብ አንገቱ ላይ አለ። እነሱን ማሳመን የለብሽም። አንቺ ግን ለቅሶዋ ለምን ይህን ያህል እንቅልፍ እንደነሳሽ አስበሽበታል? የመጀመሪያዎቹ ወራትሽን ማን አጠገብሽ ነበር? ማንም ካልነበረ፣ በሴልቪ በኩል የዚያን ጊዜዋን ራስሽን ለማባበል እየሞከርሽ እንዳይሆን። ያም ነውር የለውም፤ ለከቱን እንድታውቂው ብዬ ነው። በሳምንት አንድ ኦፍ አለሽ፤ ግማሹን ለእሷ፣ ግማሹን ለራስሽ አድርጊው።

አንድ ጥያቄ የኬረላዋም ሌላ ሰውም በሌለበት፣ አንቺው ብቻ ጠይቂያት። «ሥራ ላይ የሚነካሽ ወይም የሚያስፈራሽ ሰው አለ?» መልሷ አዎ ከሆነ እስካሁን ያልኩት ሁሉ ይቆይ። ቀኑን፣ ሰዓቱንና የክፍሉን ቁጥር በስልኳ ትመዝግብ፤ የዱባይ ፖሊስ አስቸኳይ ላልሆነ ጉዳይ 901፣ ለአስቸኳይ 999 ነው። መልሷ የለም፣ ብቻ አገሬ ልግባ ከሆነ ደግሞ አትቆጫት። የሙከራ ጊዜ ከ6 ወር አይበልጥም፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ አገሯ ለመመለስ የ14 ቀን የጽሑፍ ማስታወቂያ ይበቃታል። ሳትናገር ጥላ ከሄደች ግን ለአንድ ዓመት ኤሚሬትስ የሥራ ፈቃድ ልትከለከል ትችላለች። ስለዚህ ውሳኔዋን በለቅሶዋ ሌሊት አትወስን። የመጀመሪያው ደመወዝ ገብቶ፣ ከዕዳው ስንት እንደሚቀር በወረቀት አስልታ ትወስን። ሒሳቡን አብረሻት ሥሪ።